ጓዳና ጓሮ ለልጅ፦ የቤት ምግብና የእጅ ሥራ መጫወቻ በጋሞ

በጋሞ ዞን የሕፃን ምግብና የሕፃን መጫወቻ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጓሮ ይወጣሉ። እንሰቱ ቦክቶ ቆጮ ሲሆን ቃጫው ገመድ ይሆናል፤ በገመዱ የጨርቅ ኳስ ይታሰራል። በቆሎው ተፈልፍሎ ወደ ወፍጮ ሲሄድ ቆረቆንዳው ለልጆች ይተርፋል። ጥጡ ተፈትሎ ሸማ ከሆነ በኋላ የሚቀረው ቁርጥራጭ አሻንጉሊት ያለብሳል። ለልጅ መጫወቻ ተብሎ ለብቻው የሚዘጋጅ ነገር እምብዛም የለም፤ መጫወቻው የአዋቂው ሥራ ትራፊ ነው። ስለዚህ የአንድን መንደር ልጆች መጫወቻ ያየ ሰው ወላጆቻቸው ምን እንደሚያመርቱና ምን እንደሚበሉ መገመት አያቅተውም።

የአካባቢው መልክዓ ምድር ይህን ልዩነት ያጎላዋል። ጫሞ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። አርባ ምንጭ ከሐይቁ በላይ በሁለት ደረጃ ተቀምጣለች፤ ሲቀላ ከታች፣ ሴቻ ከላይ። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ከሙዝና ከማንጎ አገር አውጥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የእንሰት፣ የገብስና የቀርከሃ አገር ያደርሳል። ጠዋት ሲቀላ ማንጎ የበላ ሰው ለምሳ በዚያው ደጋ ባለው ዶርዜ ቆጮ በዳጣ ሊቀርብለት ይችላል። የቆላና የደጋ ሕፃናት የአንድ ዞን ልጆች ቢሆኑም ገበታቸውም ጨዋታቸውም ለየቅል ነው።

ደጋ ላይ የቤቱ ምሰሶ እንሰት ነው። በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ተክል ላይ ተመርኩዞ እንደሚኖር ይገመታል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላም ቢሆን ሥራው ከባድ ነው። ሴቶች ግንዱን ሳንቃ ላይ አጋድመው በመፋቂያ ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከተክታሉ። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ተቀብሮ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቦካል። ከዚያ ወጥቶ ይጨመቃል፤ ቃጫው እንዲያጥር በቢላ ይከተከታል፤ በቅጠል ተጠቅልሎም ምጣድ ላይ ይጋገራል። ሲፋቅ የሚጨመቀው ውሃ ሲጠል ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይዘቅጣል። ይህ ቡላ ነው፤ ለአራስና ለሕፃን ገንፎ የሚመረጠውም እሱ ነው።

እንሰት የሚመሰገነውን ያህል አንድ ጉድለቱም መነገር አለበት። ቆጮም ቡላም ጉልበት ሰጪ ናቸው፤ ፕሮቲናቸው ግን በጣም ጥቂት ነው። አዋቂ ሰው በወተት፣ በአይብ፣ በባቄላ ወይም በጎመን ስለሚያሟላው ብዙም አይጎዳም። ሆዱ ትንሽ የሆነ የአንድ ዓመት ልጅ ግን ቡላ ብቻ በልቶ ሲጠግብ ለሌላው ምግብ ቦታ አይተርፈውም። ፊቱ ሞላ ስላለ እናቱ ደኅና ነው ትላለች፤ ቁመቱ ግን ወደኋላ ይቀራል። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የወጣውም የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ነበር። መቀንጨር የሚመጣው ከረሃብ ብቻ አይደለም። ጎተራው ሙሉ በሆነ ቤትም ምግቡ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ልጁም በተቅማጥ የሚመላለስ ከሆነ ይመጣል።

ቆላው በዚህ በኩል የታደለ ነው። ከአርባ ምንጭ ጀምሮ እስከ ደራሼና ኮንሶ ድረስ በየደጁ የቆመው ዛፍ ሽፈራው ነው፤ ጋሞዎች ሀለኮ ይሉታል። መነሻው ይኸው የደቡብ ኢትዮጵያ ምድርና የሰሜን ኬንያ ደረቅ አካባቢ ሲሆን በዓለም ገበያ ዱቄቱ ከሚሸጠው የሕንድ ዝርያ የተለየ ነው። ቅጠሉ ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ብረትና የቫይታሚን ኤ መነሻ አለው። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ጎመኑ በበጋ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል።

ከሀለኮ ጋር አብሮ የሚሄደው ኩርኩፋ ነው። አሠራሩ ልጅን ለማሳተፍ የተፈጠረ ይመስላል። ቅጠሉ ከዘንጉ ተሸልቶ ይታጠባል፣ በድስት ይቀቀላል። በሌላ ዕቃ የበቆሎ ወይም የማሽላ ዱቄት በውሃ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል። ከዚያ ሊጡ በጣት ጫፍ ቆንጠር እየተደረገ በሁለት መዳፍ መካከል ይድቦለቦልና የሚፈላው ቅጠል ውስጥ ይጣላል። ድቡልቡሉ እኩል እኩል መሆን አለበት፤ ትልቁ ሳይበስል ትንሹ ይፈርሳልና። ከእናቱ አጠገብ የተቀመጠው የሦስት ዓመት ልጅ ግን ይህን አያውቅም። አንዱን እንደ ሽንብራ ያሳንሰዋል፣ አንዱን እንደ እንቁላል ያተልቀዋል፣ አንዱን ደግሞ ጠፍጥፎ ቂጣ ነው ይላል። እናቱ ትልቁን ለሁለት ከፍላ፣ ጠፍጣፋውን እንዳለ ድስት ውስጥ ትከተዋለች። ገበታ ሲቀርብ ልጁ የራሱን ቂጣ ከሀለኮው ሥር ፈልጎ ያወጣል። ቅጠል አልበላም የሚል ልጅ በዚህ መንገድ ሳይታወቀው ቅጠሉን ይበላል። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ልጅ በእጁ የነካውን ምግብ ለመቅመስ እንደሚደፍር ይናገራሉ፤ የኩርኩፋ ድስት ያለበት ቤት ይህን ከባለሙያ መስማት አላስፈለገውም።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ድቡልቡሉ ሳይፈጭ መሰጠት የለበትም፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለሕፃን በማንኪያ ጀርባ ተፈጭቶ፣ በቅጠሉ መረቅ ለስልሶ ይቀርባል። ቆሎና ለውዝም እንዲሁ ናቸው፤ በደንብ ማኘክ ያልቻለ ልጅ እጅ ላይ መገኘት የለባቸውም።

ዓሣውና ፍራፍሬው ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም። ጫሞ ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች ይሰጣል። ለአርባ ምንጭ እንግዳ የሚቀርበው ጥብሱ ወይም ጉላሹ ነው፤ ለሕፃን ግን ተቀቅሎ፣ እሾሁ በጣት እየተዳሰሰ ወጥቶ፣ ከድንች ጋር ቢፈጭ ይሻላል። ሙዝ ከአካባቢው በየቀኑ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አብቃዩ ገበሬ ምርቱን ሸጦ ለልጁ የታሸገ ብስኩት ይዞ ሲገባ ማየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህ ሽያጭ ግን ከሁሉም የከፋ ኪሳራ ነው። እንቁላልም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም፤ ዶሮዋ የጣለችው በአብዛኛው ለገበያ ይሰበሰባል።

ጊዜውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አጭር ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ምግብ፣ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5ቱን በቀን ማግኘት አለበት፤ የእናት ጡት ራሱ እንደ አንድ ምድብ ይቆጠራል። ጋሞ ውስጥ ይህን ማሟላት የቅንጦት ሥራ አይደለም። ጡት፣ የበቆሎና የቦሎቄ ምጥን ገንፎ፣ ሀለኮና ሙዝ ካሉ አምስቱ ሞሉ፤ እንቁላል ከተጨመረ አለፈ። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ ያህል ወፈር ማለት ይኖርበታል። ብዙ እናቶች ልጁን እንዳያንቀው ፈርተው ያቀጥኑታል፤ ቀጭን አጥሚት ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ማር ለአንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ ጡንቻ የሚያሰንፍ ብርቱ መርዝ የሚያመነጭ ተሕዋስ ይገኝበታል። ዶርዜ ላይ ቆጮ በማር ደስ የሚል ምግብ ነው፤ ሕፃኑ ግን ከፍ እስኪል ይጠብቅ።

ወደ መጫወቻው ሲመጣ ግንባር ቀደሙ የጨርቅ ኳስ ነው። ያረጀ ካልሲ ጫፉ ላይ ብጥስጣሽ ጨርቅና ፌስታል ይጠቀጠቅበታል። ከዚያ አንገቱ ይጠመዘዝና የተረፈው የካልሲው ክፍል ተገልብጦ ኳሱን ይሸፍነዋል፤ እንደገና ይጠመዘዛል፣ እንደገና ይገለበጣል። ካልሲው እስኪያልቅ ይህ ይደጋገማል፤ መጨረሻው በመርፌ ይሰፋል ወይም በቃጫ ይታሰራል። ፌስታሉ ከበዛ ኳሱ ይነጥራል፣ ጨርቁ ከበዛ ይከብዳል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ልክ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሙዝ በሚበቅልበት ቆላ ደረቅ የሙዝ ቅጠልና ልጥም ለዚሁ ሥራ ይውላል።

የሽቦ መኪና ደግሞ የትልልቆቹ ወንዶች ኩራት ነው። አካሉ ከታጠፈ ሽቦ፣ ጎማው ከቆርኪ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ ይሠራል። መሪው በረጅም ዘንግ ወደ ላይ ስለሚወጣ ልጁ ሳይጎነበስ እየሮጠ ይነዳዋል። መሪው ሲዞር የፊት እግሩ እንዲዞር ማድረግ እውነተኛ የምሕንድስና ጥያቄ ነው፤ የሚፈታውም በሙከራ ነው። ሴቶቹ ልጆች በበኩላቸው ቆረቆንዳውን በጨርቅ ያለብሱታል። እሸቱ ከነፀጉሩ ከተገኘ ደግሞ ፀጉሩን ሹሩባ ይሠሩታል። ክረምት ሲገባ ጭቃ በነፃ ይገኛል፤ በሬ፣ ላም፣ ምጣድ፣ ድስት ይሆናል። በሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ውስጥ ያለች ልጅ ከእናቷ ሥር ተቀምጣ የምትሠራት ትንሽ ማሰሮ ግማሽ ጨዋታ፣ ግማሽ ትምህርት ነች። ሸክላ ሠሪዎች በአካባቢው ማኅበረሰብ ለዘመናት በዝቅታ ሲታዩ መኖራቸው የጋሞ ታሪክ አንድ አሳዛኝ ገጽ ነው፤ የሌላው ቤት ሕፃን ቆጮ የሚጋገርበት ምጣድ ግን የእነሱው እጅ ሥራ ነው።

የሚሠራ ዕቃ የማይጠይቁ ጨዋታዎችም አሉ። ገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድ ተምሶ በጠጠር ይጫወቱታል፤ መደመርና መቀነስ የሚጀመረው እዚያው ነው። ቅልልቦሽ አምስት ጠጠር፣ ሰኞ ማክሰኞ አንድ ቁራጭ ከሰል ይበቃቸዋል።

የእጅ ሥራ መጫወቻ የድህነት ምልክት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። በሮማውያን ዘመን ግብፅ ውስጥ ከበፍታ ተሰፍታ በብጥስጣሽ ጨርቅና በፓፒረስ የተሞላች አሻንጉሊት ዛሬ በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት አባት የሚባለው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብልም በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ያዘጋጀው የመጀመሪያ መጫወቻ በክር የተሠሩ ስድስት ለስላሳ ኳሶች ነበሩ። ፈትል በሞላበት የዶርዜ ቤት እንዲህ ያለ ኳስ ለመሥራት የሚጠፋው ጊዜ ቡና ለማፍላት ከሚጠፋው አይበልጥም።

ማእድ ቤቱና መጫወቻው ይበልጥ የሚገናኙት በእቃቃ ነው። ሦስት ጠጠር ጉልቻ ይሆናል፣ ቆርኪ ድስት፣ አሸዋ ጤፍ፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል ወጥ። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ታናሹ ደግሞ ሳይወድ በግዱ ሕፃን ይሆናል። ጎረቤት ትጠራለች፣ ቡና ይፈላል፣ ሐሜትም አይቀርም። ልጆቹ የሚደግሙት ያዩትን ነው። በቤታቸው አባት ለሕፃን ምግብ ሲያጎርስ ካላዩ በእቃቃውም አባት ገበያ ይሄዳል እንጂ አያጎርስም። መምህራንና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በዚህ ጨዋታ የሚደነቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቆርኪን ድስት ብሎ መጥራት አንድን ነገር በሌላ መወከል ነው፤ ፊደል ማንበብም በዚሁ ችሎታ ላይ የቆመ ነው። ተራ መጠበቅ፣ መደራደር፣ የተጣላን ማስታረቅም ይለመዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለወላጆች በሚሰጡት የሕፃናት እድገት ምክርም የሚመከሩት መጫወቻዎች የቤት ዕቃዎች ናቸው፤ ኩባያ፣ ማንኪያ፣ ክዳን ያለው ቆርቆሮ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት።

በጨዋታና በሥራ መካከል ግን ወሰን አለ፤ በጋሞ ይህ ወሰን የሚፈተነው በሽመና ነው። ዶርዜ ውስጥ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ እንዝርት ይዞ መጫወቱ፣ ቀሰም ላይ ክር ማጠንጠኑ፣ አባቱ መወርወሪያውን ሲወረውር መቁጠሩ የእውቀት መተላለፊያ መንገድ ነው። ነገር ግን ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ያለ ትምህርትና ያለ በቂ ምግብ ከንጋት እስከ ምሽት እንዲሸምኑ መደረጉ ለብዙ ዓመታት የቆየ ችግር ነው። ሕጉ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 መጫወትን ራሱን መብት ያደርገዋል። ልጁ ክሩን ጥሎ መሄድ ከቻለ ጨዋታ ነው፤ ካልቻለ ሥራ ነው።

የቤት ምግብም የእጅ ሥራ መጫወቻም ርካሽ ናቸው ሲባል ዋጋው ተደብቆ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ እሱም ጊዜ ነው፣ በተለይ የእናት ጊዜ። እንሰት የምትፍቅ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ በገበያ ቀን ሸክም ይዛ ቁልቁለት የምትወርድ ሴት ልጅሽን በቀን አምስት ጊዜ አብዪ፣ አብረሽውም ተጫወቺ ስትባል ምክሩ ሸክም ላይ ሸክም ይሆንባታል። ችግሩን የሚያቃልለው ሌላ ትምህርት ሳይሆን የሥራ ክፍፍል ነው፤ አባት ማጉረስ፣ አያት ተረት መንገር፣ ታላቅ ወንድም ኳስ መስፋት ይችላሉ። ደግሞም ጨዋታ ከሥራ የተለየ ሰዓት ላያስፈልገው ይችላል። ቦሎቄ ስትለቅም ጥቁሩንና ቀዩን ለየብቻ እንዲያስቀምጥ ልጇን የጠየቀች እናት ሥራዋንም አላቋረጠችም፣ ልጇንም አስተምራለች።

በሲቀላ ገበያ የፕላስቲክ መኪናና አሻንጉሊት በሽበሽ ነው። መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ ልጅ በገዛ ዓይኑ የወደደውን መናቅም ደግ አይደለም። ነገር ግን ርካሹ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰበራል፣ ሲሰበርም አይጠገንም። የሽቦ መኪና ሲጣመም ይቃናል፤ ልጁ ራሱ ስለሠራው አፈታቱን ያውቃል። ስልክ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅና ከዚያ በታች ምንም ስክሪን፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ አይመክርም። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት መንቀሳቀስ አለበት። ልጅን በስልክ አስይዞ ማጉረስ በከተማው እየተለመደ መጥቷል፤ ልጁ ግን መቼ እንደጠገበ ሳያውቅ ይበላል።

የእጅ ሥራ መጫወቻ በራሱ አደጋ የለሽ አይደለም። የሽቦ ጫፍ ወደ ውስጥ ካልታጠፈ ዓይን ያጠፋል። ቆርኪ፣ ቁልፍና ባቄላ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ መታነቂያ ናቸው፤ ፌስታልም ኳስ ውስጥ ተሰፍቶ እንጂ ለብቻው ለሕፃን አይሰጥም። ያለቀ ባትሪ መጫወቻ አይደለም። ሙዝና ጥጥ በሚለማበት ቆላ ከሁሉም የሚያሰጋው ባዶ የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ ነው፤ ቢታጠብም መርዙ ስለማይለቅ ለልጅ መጫወቻም፣ ለውሃ መቅጃም መዋል የለበትም። ማእድ ቤት ውስጥ እሳቱ ምድር ላይ ባለ ጉልቻ የሚነድ ከሆነ ልጁ ሊጡን የሚያድቦለብልበት ቦታ ከጉልቻው ራቅ ብሎ፣ ጭስ የማይደርስበት በር አጠገብ ይሁን። የጫሞ ዳርቻ ደግሞ ጭቃው የቱንም ያህል ቢያጓጓ የአዞና የጉማሬ ስፍራ ነውና የልጅ መጫወቻ ሜዳ ሊሆን አይችልም።

ልጆች ከፍ ሲሉ እነዚሁ መጫወቻዎች ትምህርት ቤት ይገባሉ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር የተያያዘ ኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለ የዝግጅት ክፍል) እንዲስፋፋ መንገድ ከፍቷል። ኦ ክፍል በአብዛኛው በቂ ቁሳቁስ ስለሌለው መምህራኑ መርጃ መሣሪያ የሚያዘጋጁት በአካባቢ ከሚገኝ ነገር ነው። ቆርኪ ላይ ፊደል ይጻፋል፣ በጠጠር ይቆጠራል፣ በካርቶን ሰዓት ይሠራል። በቴሌቪዥንም ቢሆን በ1990ዎቹ መገባደጃ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ በጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ፕሮግራም የብዙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወዳጅ የሆነችው ቀጭኔ በእጅ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። በወር አንድ ቀን ወላጆችን ጠርቶ ኳስ፣ የክር አሻንጉሊትና የገበጣ ሰሌዳ እንዲሠሩ የሚያደርግ ትምህርት ቤት ዕቃውን ያለ በጀት ያገኛል፤ በዚያው ቀን ጓሮ ካለው ቦሎቄ፣ እንቁላልና ሀለኮ የሕፃን ገንፎ አሠራር ቢታይ ደግሞ ለሁለቱም ጉዳዮች ሌላ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም።